ጉቦ የበላ ምላስ

የሰውን ገላ ከስሶ የሚያቆም ፍርድ ቤት ቢኖር ኖሮ፣ ሌሊቱን ደጁ ላይ አድሬ የመጀመሪያውን ተራ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ክሴ አጭር ነው። ቆዳ፣ ምላስ፣ አፍንጫ፣ ዓይንና ጆሮ የተሰጡን ለጥበቃ ነው፤ ጥበቃዎቹ ግን ቀሽሞች ናቸው። ቁንጫ ጀርባ ላይ ስትራመድ ቆዳ እግሯን ብቻ ሳይሆን ሐሳቧን ጭምር ያውቅባታል። ምላስ አንድ ጉርሻ ውስጥ የተሸሸገች ፀጉር ፈልፍሎ ያወጣል፤ ፖሊስ እንዲህ ቢፈትሽ አገሩ ላይ ሌባ ባልተረፈ። የደም ግፊት ግን ሥርን እንደ ባጃጅ ጎማ ነፍቶ ሊያፈነዳ ሲደርስ ሁሉም ተኝተዋል። ቆዳ አልነካኝም ይላል። አፍንጫ አልሸተተኝም ይላል። ገበያ መሐል ሰው ሲደበደብ አይቶ “እኔ አሁን ነው የመጣሁት” እንደሚል ሰው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምናገረው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ደብረ ታቦር ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ስሜት ሕዋሳት ከእኔ የተማሩት ልጆች በአንድ ሰልፍ ቢቆሙ ጫፉ ላይ ያሉት ጉና ተራራ ላይ ደርሰው ብርድ ይመታቸዋል። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ግን በርዕሱ ተናድጄ አላውቅም ነበር። የተናደድኩት አባቴ የታመሙ ጊዜ ነው።

አባቴ የጉና ሰው ናቸው። ገብስና ድንች ያበቅላሉ፤ በግ ያረባሉ። እኔ አፍንጫዬን ከጋቢ ለማውጣት በምፈራበት ብርድ እሳቸው ደረታቸውን ገልጠው ይሄዳሉ። ባለፈው ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ የታመመ ጎረቤታቸውን ሊያስታምሙ ወደ ከተማ ወረዱ። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ አንዲት ነርስ የግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣች፤ በሽተኛውን ከለካች በኋላ “እስቲ አባት፣ እርስዎንም ልለካዎት” አለቻቸው። ለካች። ደግማ ለካች። ክንዳቸውን ቀይራ ለካች። ከዚያ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች። በማግስቱ በሽተኛው ድኖ ወደ ጉና ተመለሰ፤ አስታማሚው ቀረ።

“ጨው ይቆማል” አለ ሐኪሙ፤ ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለ ልጅ ነው። “ክኒኑን በየቀኑ ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። እኔ አይቼ እስክፈቅድልዎት ድረስ ደግሞ ወደ ገጠር መመለስ የለም።”

“የታመመ ሰው እኮ ያመዋል፣ ልጄ” አሉ አባቴ። “እኔን ምን አመመኝ?”

“የዚህ በሽታ ክፋቱ እሱ ነው። አያምም።”

“ካላመመ ምኑ በሽታ ሆነ?”

“ሳያም ነው የሚጥለው፣ አባት። እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን ግማሽ ጎንዎ አልታዘዝም ይላል። ያም እድለኛ ከሆኑ ነው።”

አባቴ ኮታቸውን ቆለፉ። “ፋሲካን የምውለው ቤቴ ነው” አሉ። “ሞቴም ቤቴ ነው። አስፋልት ላይ አልቀበርም።”

“ለሆሳዕና ሰሞን እንለካዎታለን። ከወረደ ይሄዳሉ፤ ካልወረደ እዚሁ ነዎት። አልጫውን ደግሞ አይፍሩት፤ ይለምዱታል።”

ይለምዱታል! እኔን ያነደደኝ ይህ ቃል ነው። በዚህ አገር ለማንኛውም መከራ የሚታዘዘው መድኃኒት ይኸው ነው። መብራት ጠፋ፤ ትለምደዋለህ። ውኃ ሄደ፤ ትለምደዋለህ። ጎረቤትህ በረንዳው ላይ የተራራ የሚያህል ድምፅ ማጉያ ሰቀለ፤ ትለምደዋለህ። እውነታቸውን ነው፣ ይለመዳል። ገላችን የሚጮኸው አዲስ ነገር ሲገጥመው ብቻ ነው። ነገሩ ሳይለወጥ ከቆየ ዝም ይላል። አባቴም ያን የሚገድል ግፊት ይዘው በሬ ሲጠምዱ፣ ዳገት ሲወጡ የኖሩት ገላቸው ለምዶት ነው። ከመልመድ የመጣን በሽታ በመልመድ አድናለሁ የሚል ሐኪም ፊት ቁጭ ብዬ ጥርሴን ማፋጨት ያዝኩ፤ እዚያው አጠገቡ ያለው የጥርስ ሐኪም ገበያ መጣልኝ ብሎ ሳይደሰት አልቀረም።

ቤታችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ያልደነገጠች ታናሽ እህቴ ብቻ ነበረች። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት፤ እዚያ ለዓመታት ምግብ ስትሠራላቸው የኖሩት አሮጊት የግፊት በሽተኛ ነበሩ።

“ወጡን ለእኔ ተዉልኝ” አለች። “እኔ ራሴ ጨው ካቆምኩ ስንት ዘመኔ።”

ከገበያ ዛላ በርበሬ ገዝታ አጥባ፣ አስጥታ፣ ራሷ ወቀጠችው። የእኛ በርበሬ ገና ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ እኔ መምህሩ ይህን ረስቼው ነበር። የሽሮውን ዱቄትም እንዲሁ ያለ ጨው አዘጋጅታ በአንድ ትልቅ ጣሳ አስቀመጠች። “አባባ ብቻቸውን ሲበሉ አያለሁ ማለት ዘበት ነው፤ ሁላችንም ከአንድ ድስት ነው የምንበላው” ብላ ፈረደች። ባለቤቴ እሺ አለች። እኔም እሺ አልኩ፤ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም ነበራ!

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። አባቴ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ማላመጣቸውን አቆሙ።

“ይህ ወጥ ሞቷል” አሉ። “አስከሬኑን ነው ያቀረባችሁልኝ።”

እኔም ጎረስኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ዝናብ ያጠበው ግድግዳ የላስኩ መሰለኝ።

“ጣፋጭ ነው፣ አባባ” አልኩ።

“‘ጨው ሆይ ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል’ ይላል ያገራችን ሰው። እናንተ ጨዉን ጥላችሁ ድንጋዩን ሰጣችሁኝ።”

ወሬው ሰፈሩን ለመዞር አንድ ቀን አልፈጀበትም። አባታቸውን በአልጫ ሊገድሉ ነው ተባለ። እህቴ ላይማ የባሰ ነበር፤ “አረብ አገር ምላሷን ሽጣ መጣች” ይሏታል፣ እየሰማች። እሷ መልስ አትሰጥም። እኔ ግን በየበሩ እየቆምኩ ስመልስላቸው ድምፄ ተዘግቶ ተማሪዎቼን በምልክት ማስተማር ሲቀረኝ ነበር።

አባቴ ግን ከወሬ በላይ የሆነ ሥራ ላይ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው “ለበጎቼ ነው፣ ስመለስ እወስድላቸዋለሁ” ብለው አንድ አሞሌ ጨው ገዝተው ገቡ። ከትራሳቸው ሥር አስቀመጡት። እኛ ቤት በግ የለም። አሞሌው ግን ከቀን ወደ ቀን ጠርዙ እየዶለዶመ፣ ወገቡ እየሰረጎደ ሄደ። አንድ ከሰዓት አንሥቼ ፊታቸው አቆምኩት።

“አባባ፣ ይህን ማን ላሰው?”

“አይጥ።”

“አይጥ ደግሞ ጨው መላስ ጀመረች?”

“የከተማ አይጥ ምን የማታደርገው አላት?”

ሳቄ መጣ፤ ንዴቴ ቀደመው። “መውደቅዎን ነው የሚልሱት!” ብዬ ጮህኩ፤ በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። የማውቀውን አንድ ነገር ላደርግ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሦስት ሳፋ ደረደርኩ። አንዱ ላይ እጅ የሚችለውን ያህል ሙቅ ውኃ፣ አንዱ ላይ ቀዝቃዛ፣ መሐል ላይ ለብ ያለ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማሳየው ነው።

“ቀኝ እጅዎን ሙቁ ውስጥ፣ ግራዎን ቀዝቃዛው ውስጥ ይክተቱ።”

“ጸበል ነው?”

“ትምህርት ነው።”

“እኔን ነው የምታስተምር? በል እሺ።” ጎንበስ ብለው ከተቱ። ትንሽ ካቆየኋቸው በኋላ ሁለቱንም እጃቸውን መሐለኛው ውስጥ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን አወጡ፤ አዩት፤ መልሰው ከተቱት።

“ቀኜ ቀዘቀዘኝ ይላል። ግራዬ ሞቀኝ ይላል። ውኃው አንድ ነው?”

“አንድ ነው።”

“ታዲያ የቱ ነው የዋሸኝ?”

“ሁለቱም የመጡበትን ነው የሚያወሩት፣ አባባ። ምላስም እንዲሁ ነው። ጨው ውስጥ ሲነከር ኖሮ ከዚያ ሲወጣ ጣዕም ጠፋ ብሎ ይጮሃል። ጣዕሙ ግን አለ። ጊዜ ከሰጡት ይደርስበታል።”

አባቴ ሽማግሌ ሆነው ስንት ሰው ያስታረቁ፣ ስንት የድንበር ጠብ የዳኙ ናቸው። እጃቸውን በነጠላቸው እያደረቁ አሰቡ።

“እንግዲያስ ምላሴ ጉቦ የበላ ዳኛ ነው በለኛ!”

“ዕድሜ ልኩን የበላ!”

“ጉቦው ከቀረበት በእውነት ይፈርዳል?”

“ይፈርዳል።”

አሞሌውን አንሥተው ሰጡኝ። “እስከ ሆሳዕና። ውሸትህን ከሆነ ግን በእግሬም ቢሆን ወደ ጉና ነው።”

ከዚያ ወዲህ ጨው አልነኩም። ሁዳዴ ገባ። የአባቴ ማጉረምረም ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ አንድ ቀን እንዲያውም “ይቺ ድንች ጣፍጣለች” ብለው ሁላችንንም አስደነገጡን። እኔ ግን በሩ ላይ እንደ ጉምሩክ ቆሜ ነበር። ጠያቂ ዘመድ ሲመጣ ድቁስ ይዞ እንዳይሆን ኪሱን እስከማሽተት ደርሻለሁ። ሁሉም “የእኔ ቁንጥር ምን ትጎዳቸዋለች?” እያለ ጨው ይዞ የሚዞር ይመስለኛል። የሚያሳዝነው ነገር ትክክል መሆኔ ነው፤ የሳትኩት ከውጭ የሚመጣውን ብቻ መጠበቄ ነው።

በጾሙ አጋማሽ አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ከጉና መጡ። አባቴን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

“ወንድም ጋሼ! ምን አድርገውዎት ነው? ፊትዎ ገርጥቷል እኮ!”

“ለሽርሽር ነው የመጣሽ ለለቅሶ?” አሉ አባቴ።

አክስቴ የራሳቸውን ሽሮ በአንድ ኩንታል ሊባል በሚችል ከረጢት አምጥተው ነበር። በማግስቱ ረቡዕ ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። አክስቴ ማልደው ማድ ቤት ገቡና የእህቴ ጣሳ ሊያልቅ መድረሱን አዩ። ለማንም ሳይናገሩ፣ በደግነት፣ የራሳቸውን ሽሮ እላዩ ላይ ሞሉበት። የእሳቸው ሽሮ ደግሞ ገና ከወፍጮ ሲወጣ ጀምሮ ጨው አለው። እህቴ ይህን ሳታውቅ ከጣሳው ቀድታ ወጡን ጣደች።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ጾመኛ ነው። ጾመኛ ወጥ አይቀምስም። በዚህ አገር የሁዳዴ ወጥ በእጅ ግምትና በአፍንጫ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ባለቤቴ፣ እህቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ “ሰውዬው እንግዳ ፊት እንኳ አንድ ቀን ይጣፍጣቸው” ብላ ቁንጥር ጨው ጣል ስታደርግ፣ የሚነግራት ምላስ አልነበረም። አክስቴ ቀጠሉ። እሳቸው ጨውን በማሽተት ነው የማውቀው ባይ ናቸው፤ እኔ ጨው ሽታ የለውም ብዬ ሳስተምር መኖሬን አልሰሙም። ከማለዳው ጀምሮ እንፋሎቱ ላይ ተደፍተው የዋሉ ስለሆነ አፍንጫቸው ሥራ ካቆመ ቆይቷል። አሸተቱ፤ ምንም የለም። ጨመሩ። ቆይተው አሸተቱ፤ አሁንም ምንም። ደገሙ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረስኩ። ማዕዱ ቀረበ። ባለቤቴ የአባቴን አፍ አፍ ታያለች። አክስቴም እንዲሁ። ሁለቱም ደስታቸውን ሊካፈሉ ተዘጋጅተዋል፤ አንዷ የሌላዋን አታውቅም።

አባቴ ጎረሱ።

በዕድሜዬ እህል ሲተፉ አላየሁም፤ መሬት የወደቀችን ቆሎ እፍ ብለው አንሥተው የሚበሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን እጃቸው ላይ ተፉ።

“ማነው ሊገድለኝ የፈለገው?”

ቀመስኩት። ምላሴ ወደ ጉሮሮዬ ሸሽቶ ተደበቀ። የጉና በግ ሁሉ ተሰልፎ ቢልሰው ለሦስት ክረምት የሚበቃ ጨው ነበረበት።

“ማነው?” ብዬ ተነሣሁ። ጩኸቴ መንገድ ላይ ባጃጅ ሳያስቆም አልቀረም።

“ቁንጥር ብቻ ነው” አለች ባለቤቴ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ።

“አንቺም?” አሉ አክስቴ ደንግጠው። “እኔም እኮ ቁንጥር ነው!”

“የእርስዎ ቁንጥር የአህያ ጭነት ነው፣ አክስቴ!”

“አንተ! እኔን ነው እንዲህ የምትለኝ? ሽሮዬን አምጥቼ፣ ጣሳውን ሞልቼ…”

“የትኛውን ጣሳ?” አለች እህቴ።

እህቴ ድስቱን አንሥታ ወጣች፣ ጓሮ ደፋችው፣ ባዶውን ድስት ይዛ ተመልሳ መሐላችን ቆመች።

“ያዘናችሁት ለእሳቸው አይደለም” አለች። “ለእሳቸው ብታዝኑ ግፊታቸው ወርዶ ፋሲካን ቤታቸው እንዲውሉ ትተዉአቸው ነበር። እናንተ የፈለጋችሁት እንደ እናንተ ሲበሉ ማየት ነው።”

አባቴ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተመለሱ። ተቆጥተው ነበር፤ ነገር ግን ፊታቸው ላይ ሌላ ነገርም ነበረ።

“እናንተዬ” አሉ፣ “ዳኛው እኮ ፈረደ!”

ለሆሳዕና ሰሞን ሐኪሙ ለካቸው። ክንድ ቀይሮ ለካቸው። እኔ በዚያች ደቂቃ ላይ የነበረኝን ግፊት ማንም አልለካውም እንጂ መለኪያው ይፈነዳ ነበር። “ወርዷል” አለ። ክኒኑን እንዳያቆሙ፣ ጨዉን እንዳይነኩ፣ ጤና ጣቢያ እየሄዱ እንዲለኩ አስጠንቅቆ ፈቀደ። “አላልኳችሁም፣ ይለምዱታል!” አለና ሳቀ። ጤነኛ ጥርስ አለው፤ ላወልቅለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ፋሲካን ለመዋል አባቴ፣ እህቴና እኔ ወደ ጉና ወጣን፤ ባለቤቴ ቤት ጠባቂ ሆና ቀረች። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ አባቴ በበቅሎ፣ እኛ ከኋላ እየተንጠራወዝን። አባቴ በቅሎዋ ላይ ሆነው ስለ አክስቴ የፋሲካ ዶሮ ያወሩ ነበር። ደብረ ታቦር አልጋ ላይ ተኝተው የሚመኙት እሱን ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። ዘመድ ሞልቷል። አክስቴ አንዱን ቅልጥም መርጠው፣ ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልለው፣ “ለእርስዎ ብዬ ጨው ቀንሻለሁ፣ ኢየሱስን!” ብለው አጎረሷቸው።

አባቴ ብዙ አላመጡ። ዋጡት። እንባቸው ወረደ።

“አያችሁ!” አሉ አክስቴ ለቤቱ ሁሉ። “ናፍቋቸው እኮ ነው!”

አባቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። “ድሮም እንዲህ ነበር ወጧ?”

“እንዲህ ነበር፣ አባባ። እንዲያውም የባሰ።”

“አይደለም።”

“ነው፣ አባባ።”

“ያን ሁሉ ጊዜ ይህን ነበር የምመኘው” አሉ። “ደረስኩበት፤ የለም።” ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። “የእኔን ምላስ ወስዳችሁ የማንን ነው የሰጣችሁኝ?”

ባዮሎጂ ይህን አይመልስም። ሳፋ ቢደረደር አይመልስም። ግፊቱን ያወረድንበት መንገድ የአክስቴን ማዕድ ከእሳቸው ወሰደ፤ የሚከሰስ ሰው ፈልጌ ዞር ብል ያለችው እህቴ ናት።

“እኔም ስመለስ እንዲሁ ነበር፣ አባባ” አለች ቀስ ብላ። “እዚያ ሆኜ የዚህን ቤት ሽሮ ስንት ጊዜ በሕልሜ በልቼዋለሁ። ስመጣ እዚሁ ቤት ነው የጎረስኩት። አለቀስኩ። ሁላችሁም ደስታ መሰላችሁ።”

“ለምን አልነገርሽንም?” አሉ አባቴ።

“ምን ብዬ? ወጣችሁ ጨው በዝቶበታል ልበል? ምላሷን ሽጣ መጣች ነው የምትሉኝ።”

እሷ ይዛው የመጣችውን ጨርቅ ፈታች፤ የተቀቀለ ድንችና የራሷን በርበሬ።

“ነይ ወዲህ” አሉ አባቴ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ እየሰጧት። “አንቺና እኔ የአንድ አገር ሰዎች ነን።”

ድንቹን ይልጡ ጀመር። አክስቴ አዩአቸው።

“በፋሲካ ድንች! እግዚኦ! ሁለት ወር ጹመው ድንች! ይህን ጎረቤት ቢያይ ምን ይለኛል? አንተ፣ ዝም ብለህ ነው የምታያቸው? በል ብላ አንተ እንኳ!”

ተናድጄ ነበር። በአክስቴ፣ በሐኪሙ፣ ሰፈሩን በሞላው ወሬ፣ እህቴ ስታለቅስ አይተን ባጨበጨብነው በሁላችን። በዚያ ንዴት ትልቁን ሥጋ አንሥቼ ጎረስኩ።

ጨው በዝቶበታል።

ምንም ሳልናገር ዋጥኩትና እጄን ወደ ድንቹ ሰደድኩ።